ከውሃ በታች የሚታረስ አገር

የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪያችን ከሕንድ አገር፣ ከኬረላ የመጡ ሰው ነበሩ። አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ብትጠይቁ «የእኛም ሰር ከዚያው ነበሩ» የሚል አታጡም። አንድ ቀን ሰር በጥቁር ሰሌዳው ላይ ረዥም ጀልባ ሣሉልንና በአገራቸው መቶ ሰው እንደሚቀዝፈው፣ የአባታቸውም እርሻ ከባሕር ወለል በታች እንደሚገኝ ነገሩን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ደጋ ላደግን ልጆች ከውሃ በታች የሚታረስ መሬት ተረት ነበር። ሰር ምንም ሳይሉ ሰሌዳውን ጠርገው ወደ ሒሳባቸው ተመለሱ።

ያ ሳቅ ሲከነክነኝ ኖሮ በ2017 ዓ.ም.፣ በመስከረም ወር፣ አላፑዣ ደረስሁ።

ከተማይቱ በአረብ ባሕር ዳር የተቀመጠች የቀድሞ ወደብ ናት። የመብራት ማማዋና ከኮኮናት ልጥ የሚሠራው ምንጣፏ የታወቁ ናቸው። እኔ ግን የመጣሁበት ጉዳይ ከበስተኋላዋ ባለው ኩታናድ በሚባለው የውሃ አገር ስለ ነበር፣ በማለዳ በሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ተሳፈርሁ። ተማሪው ደብተሩን፣ ሠራተኛው የምሳ ሣህኑን ይዞ እንደ እኛ አገር አውቶቡስ በየጣቢያው ይወጣል፣ ይወርዳል። ከቦዩ ግራና ቀኝ ኮኮናት የተተከለበት የአፈር ክትር አለ። ከክትሩ ወዲያ ስመለከት ዓይኔን ወደ ታች መጣል ግድ ሆነብኝ፤ እርሻው እኛ ከምንሄድበት ውሃ በታች ተዘርግቷል! አንዳንዱ ቦታ ከባሕር ወለል ሁለት ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሰር እውነታቸውን ነበር።

ሩዙ እንዲዘራ በክረምት የሞላው ውሃ በፓምፕ ተጠርጎ ወደ ቦዩ መፍሰስ አለበት። አንድ ክትር የብዙ ገበሬዎችን ማሳ ስለሚያቅፍ፣ አንዱ ብቻውን ማሳውን ሊያደርቅ አይችልም። ክትሩ በአንድ በኩል ቢሸነቆር የሁሉም አዝመራ ይጠፋል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በመላው ኬረላ የጥፋት ውሃ በወረደ ጊዜ ኩታናድ ተውጦ ሕዝቡ በጀልባ ሸሽቷል። አንድ ተሳፋሪ ውሃው የደረሰበትን ልክ በእጁ ከራሱ በላይ አሳየኝ። የዚያ ዓመት ውድድር እንኳ እስከ ኅዳር 2011 ዘግይቶ ነበር።

ዋናው ውድድር የኔህሩ ዋንጫ ይባላል። በ1945 ዓ.ም. የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ አላፑዣን ሲጎበኙ ለክብራቸው የጀልባ እሽቅድምድም ተደረገ። ደስታቸውን መቆጣጠር ስላልቻሉ ባሸነፈው ጀልባ ላይ ዘለው ወጡ፤ ጠባቂዎቻቸው ምን እንዳሉ መገመት አያስቸግርም። በኋላም በጀልባው አምሳል የተሠራ የብር ዋንጫ ላኩ።

የዓመቱ ውድድር በነሐሴ መጀመሪያ ሊደረግ ታስቦ ነበር። ነገር ግን በሐምሌ 2016 በዋያናድ ተራሮች የመሬት መንሸራተት ብዙ ሰው ስለ ፈጀ ተላልፎ፣ በእኛ የመስቀል ማግሥት መስከረም 18 ቀን ዋለ። ጥላ ሳልይዝ ሄጄ ፀሐዩ አናቴን ጠበሰው።

ቹንዳን የሚባለው ጀልባ ከሠላሳ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የኋላ ጫፉ እንደ ተቆጣ እባብ ራስ ቀና ያለ ነው። በመካከሉ የቆሙ ሰዎች እየዘፈኑ እግራቸውን ይመታሉ፣ ቀዛፊው በዚያ ምት መቅዘፊያውን ያወርዳል። አንዱ ቢሳሳት የጎረቤቱን መቅዘፊያ ይመታል። ጀልባው የአንድ ባለጸጋ ሳይሆን የመንደር ነው፤ ስሙም ብዙውን ጊዜ የመንደሩ ስም ነው። ዛሬ ከሩቅ የሚመጡ ቅጥር ቀዛፊዎችም አሉበት፤ በበኩሌ ይህ አልጣመኝም።

በፍጻሜው ካሪቻልና ቪያፑራም ጎን ለጎን ደረሱ። ዳኞቹ ካሪቻል በአንድ ሰከንድ አምስት ሺሕኛ ቀድሟል አሉ። አጠገቤ የነበሩት የቪያፑራም ወገኖች ይህን አልቀበል ብለው ሲጮኹ አመሹ። እኔም የሰር ተማሪ በመሆኔ አምስት ሺሕኛ ምን ያህል እንደ ሆነ በጣቴ ላሰላ ሞከርሁ።

ስመለስ በጀልባው ላይ አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ፦ «በአገርዎ ጀልባ አለ?» አለኝ። በጣና ሐይቅ ከደንገል ስለሚሠራው ታንኳ ነገርሁት።

«ከሣር?» አለና ሳቀብኝ።