የመሸበት እንግዳ በሐሙሲት

እንግዳ መቀበል በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የቤት ሁሉ ሕግ ሆኖ ኖሯል። ጀምበር የጠለቀችበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ባለ ጊዜ፣ አባወራው ማንነቱን አስቀድሞ ሳይመረምር «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ማለቱ የታወቀ ነው። ይህም ልማድ አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ከተቀበለበት ታሪክ ጋር በልባችን የተያያዘ ስለ ሆነ፣ እንደ በጎ ምግባር ብቻ ሳይሆን እንደ በረከትም ይቆጠራል። ዳሩ ግን ኑሮ ሲከብድና መሬት ሲጠብ ይህ ሕግ እንዴት ይጠበቃል? ጥያቄውን ያገኘነው በመጽሐፍ ሳይሆን በአንድ ገበሬ ቤት አድረን ነው።

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደራ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ ጣና ይገኛል፤ በዳርቻውም በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም፣ በቀድሞ ዘመን ንግዷና በቡና ተክሏ የታወቀችው ቆራጣ አለች። በስተ ሰሜን ጉማራ ወንዝን ሲሻገሩ ሰፊው የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ከልጆቻችን ጋር ቆራጣን ተሳልመን ስንመለስ መሸብን። በገበያው የተዋወቅናቸው አንድ አዛውንት ገበሬም «ከነልጆቻችሁ የት ታድራላችሁ? ከእኛ ዘንድ እደሩ እንጂ» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱን።

ገና ከደጃፉ ስንደርስ ምራታቸው የሞቀ ውሃ አቅርባ እግራችንን አጠበች። ለልጆቻችን የባልና የሚስቱ አልጋ ተለቀቀላቸው፤ ለእኛም መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎ አዲስ ጋቢ ተደረበልን። ከጋጣው የከብቶቹ ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

ከእራት በኋላ ጠላ ቀረበ። በሌላ አገር ገበሬ እንግዳውን የሚያከብረው በወይን ጠጅ ነው። በዚህ አገር ግን የወይን ተክል ከየጓሮው ስለማይገኝ፣ ካህናቱ እንኳ ለቅዱስ ቁርባን የደረቀውን ዘቢብ በውሃ አርሰው በቤተ ልሔም ይጨምቁታል። የገበሬው ቤት ክብር ጌሾና ዳጉሳ ነው። እመቤቲቱ ሥራውን ሲያስረዱን፣ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉና እንኩሮው ተጨምሮበት ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻም ውሃ ተሞልቶ ይከደናል አሉን። «ጠላ የቸኮለ ሰው አይጠምቀውም» ብለውም አከሉ።

በጨዋታው መካከል የበኩር ልጃቸው የቆየ አሳቡን አነሣ። «አባዬ፣ መሬታችን ለሦስት ወንድማማች ተከፍሏል። በጓሮ ሁለት ክፍል ብንሠራ፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ከፍሎ ያድራል፤ የልጆቹም ወጪ ከዚያ ይገኛል» አለ።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንጀራ የሸጠ ሰው አይቻለሁ፤ መሶብ የሸጠ ግን አልሰማሁም። ዛሬ ማደሪያውን በገንዘብ ከሰጠን፣ ነገ ሳንቲም የሌለው የመሸበት ሲመጣ ምን ልንለው ነው?»

ልጁም «መልሱት አላልሁም፤ ነገር ግን የምናበላው ከየት ይመጣል?» አለ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። በመጨረሻ እመቤቲቱ ከምድጃው አጠገብ ሆነው «ክፍሉን ሥሩ፤ መደቡን ግን ለእግዜር እንግዳ ተዉት» አሉ። አዛውንቱ ዝም አሉ፤ ነገሩም በዚያው አደረ።

በማግሥቱ ዓርብ ስለ ነበረ ቁርስ አልተነሣም፤ ለልጆቻችን ብቻ ቂጣ ተሰጣቸው። ለእኛ ግን ቆሎና በሶ ተሰንቆልን፣ «ሰዓቱ ሲደርስ በመንገድ ትቀምሱታላችሁ» ተባልን። ገንዘብ ብናቀርብ አዛውንቱ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። ከባሕር ዳር ለልጆቹ ደብተር፣ ለቤቱም ቡና ላክንላቸው፤ እነርሱም ዕቃውን ባደረሰው ሰው እጅ አንድ ማሰሮ ማር መለሱልን። የሆቴል ሒሳብ በተከፈለበት ቀን ያልቃል፤ የገበሬ ቤት ሒሳብ ግን ወዳጅነት ሆኖ ይኖራል።

ይሁን እንጂ የልጁን አሳብ እንደ ስስት መቁጠር አይገባም። በኢጣልያ የወይን ገበሬዎች ቤታቸውን ለከፋይ እንግዳ ስለ ከፈቱ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ ሕግ እንግዳ ማስተናገዱ ከእርሻው ጋር የተያያዘ እንዲሆንና እርሻውም ዋና ሥራ ሆኖ እንዲቀር አዘዘ። በአገራችንም በመቄት ወረዳ የገበሬ ማኅበረሰቦች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ጎጆ ሠርተው እግረኛ ጎብኚዎችን በክፍያ አስተናግደዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ክፍያው ራሱ ቤትን እንደማያረክስ ነው። የሚያረክሰው፣ የሚከፍል ሲገኝ የማይከፍለው ከደጅ የቀረ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ የእመቤቲቱ ፍርድ ከሁለቱም ክርክር በላይ ሆኖ ታየን፤ ለኑሮ የሚሆን ክፍል፣ ለእግዚአብሔርም የሚሆን መደብ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ አስጊ ሆኖ፣ በምሽት የሚያንኳኳ ሰው ወዳጅ ይሁን ጠላት ለማወቅ የተቸገረ ቤት ብዙ ነው። በሩን ዘግቶ ስለ ቤተ ሰቡ ደኅንነት የሚጠነቀቀውን ልንነቅፈው አይገባንም። ነገር ግን ፍርሃት ልማድ ሆኖ ሰላም በተመለሰ ጊዜ እንኳ በሩን ዘግቶ እንዳያስቀረው ያስፈልጋል። በከተማ የምንኖር ወላጆችም ቤታችን ጠባብ ነው ብለን አናመኻኝ፤ ልጆቻችን እንግዳ ሲመጣ አልጋቸውን መልቀቅን፣ ውሃ አቅርበው ማስታጠብን ይልመዱ። ክፍሎቻችን ቢበዙም ቢያንሱም፣ አንድ መደብ ላልታወቀው እንግዳ የተተወ ይሁን። የአብርሃምን ቤት የባረከ አምላክ የየቤታችንን መሶብ ይባርክልን።