ቁጥር የመጥራት ውድድር

ቁጥር መጥራት ቀላል ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ከ1 እስከ 90 መቁጠር የሚሳነው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የለም። ስለዚህ «ሰዎች ቁጥርን ጮክ ብሎ በማንበብ እንዴት ይወዳደራሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን አንድ ጊዜ በዚህ ዓይነቱ ውድድር ተካፍያለሁ። ስለ ንግግር ችሎታ በምትማሩበት በዚህ ምዕራፍም ከታላላቅ ተናጋሪዎች ይልቅ የቢንጎ ቁጥር ጠሪን በምሳሌነት ላቀርብላችሁ መርጫለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ላስረዳችሁ። በብሪታንያ በተለመደው የቢንጎ ዓይነት ተጫዋቹ የሚይዘው ካርቴላ 3 ረድፎችና 9 ዐምዶች አሉት። በየረድፉ 5፣ በጠቅላላው 15 ቁጥሮች ተጽፈውበታል። ጠሪው ከ1 እስከ 90 ካሉት ቁጥሮች መካከል በዕጣ የወጣውን እየተቀበለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ተጫዋቹም ቁጥሩን በካርቴላው ላይ ካገኘው ምልክት ያደርግበታል። የተፈለገውን ረድፍ ወይም መላውን ካርቴላ ቀድሞ የሞላ ሰው ጮኾ ያስታውቃል። ከዚያም ካርቴላው ከተጠሩት ቁጥሮች ጋር ተመሳክሮ አሸናፊነቱ ይረጋገጣል።

በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የውርርድና የቁማር ሕግ የንግድ ቢንጎ አዳራሾች እንዲከፈቱ በር ስለከፈተ፣ ቁጥር መጥራት ራሱን የቻለ የሥራ መስክ ሆነ። ጠሪዎቹም እስከ አገር አቀፍ ደረጃ የሚወዳደሩበት ሥርዓት ተዘረጋላቸው። ለቁጥሮቹም ቅጽል ስሞች አሏቸው። 22 ሲወጣ ቅርጹ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ወፎችን ስለሚመስል «ሁለት ትንንሽ ዳክዬዎች» ይላሉ፤ አዳራሹም በዳክዬ ድምፅ ይመልሳል። 9 ቁጥርን «የሐኪም ትእዛዝ» የሚሉት የጦር ሠራዊት ሐኪሞች ለወታደሮች ይሰጡት ከነበረው 9 ቁጥር ኪኒን በመነሣት ነው።

ይሁንና የጠሪው ዋና ጥበብ ቀልዱ አይደለም። በእንግሊዝኛ «ሰርቲን» (13) እና «ሰርቲ» (30) በጫጫታ መካከል አይለዩም። ስለዚህ ጥሩ ጠሪ በመጀመሪያ አኀዞቹን ለየብቻ ይናገርና ቀጥሎ ሙሉውን ቁጥር ይጠራል፤ «አንድና ሦስት፣ አሥራ ሦስት» እንደማለት ነው።

በእኛስ ቋንቋ? «ሠላሳ» እና «ስልሳ» የሚሉትን ቃላት ከሩቅ ሆኖ የሚናገር ሰው ያንብብላችሁና አድምጡ። ልዩነታቸው በአናባቢ ላይ ብቻ የተመሠረተ ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል። «ሰባት» የሚለው ቃል መጨረሻው ካልተሰማ «ሰባ» ይሆናል። «ዘጠኝ» እና «ዘጠና»ም እንዲሁ ይምታታሉ።

እኔ አስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መግዣ ገንዘብ ለማሰባሰብ በወላጆች ቀን የቢንጎ ጨዋታ ተዘጋጀ። ሽልማቱ አንድ ሙክት በግ ነበር። ለወላጆች ሙክት ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ በአጠራር ጉድለት ጠብ እንዳይነሣ ኮሚቴው ጠሪውን በውድድር ለመምረጥ ወሰነ። የቀረብነው ሦስት ነበርን፤ የታሪክ መምህሩ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋና እኔ።

የውድድሩ ደንብ ብልህነት የተሞላበት ነበር። 20 ተማሪዎች ወረቀት ይዘው በአዳራሹ የመጨረሻ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። በውጭ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጩኸት እንዲገባ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። እያንዳንዳችን ከከረጢት 30 ቁጥሮች እያወጣን ጠራን፤ ተማሪዎቹም የሰሙትን ጻፉ። ስለዚህ ዳኞቹ ያረሙት የእኛን አፍ ሳይሆን የአድማጮቹን ወረቀት ነው።

የታሪክ መምህሩ ድምፀ መረዋና ተጫዋች ሰው ነበሩ። 44 ሲወጣ «የታቦቱ ቁጥር!» አሉ፤ 13 ሲወጣ «ጳጉሜን ያላት ዓመት!» አሉ፤ 80 ሲወጣ ደግሞ «የጋብቻ ውል!» ብለው አዳራሹን በሣቅ ሞሉት። ነገር ግን ሣቁ ሳይበርድ የሚቀጥለውን ቁጥር ስለጠሩ ብዙዎቹ ሳይሰሙት ቀረ። «ስልሳ» ባሉም ጊዜ ከወረቀቶቹ እኩሌታ የሚሆኑት 30 የሚል ሰፍሮባቸው ተገኘ። እኔ የቃል ጽሕፈት ሳስጽፍ እንደለመድሁት እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ በዝግታ አነበብሁ፤ ወረቀቶቹም ንጹሕ ነበሩ።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ድምፅ ከሁለታችንም ድምፅ ያነሰ ነበር። ሆኖም ይህች ባልደረባችን ለዓመታት በጠባብ መስኮት በኩል የተማሪዎችን መለያ ቁጥር ስትጠራ የኖረች ናት። «ስልሳ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም አልተጠቀመችም፤ በቋንቋችን ከሚገኙት ሁለት ቃላት «ስድሳ» የሚለውን መረጠች። «ስድስትና ዜሮ፣ ስድሳ» አለች። ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላም ዓይኗን አንሥታ የመጨረሻውን ወንበር ትመለከታለች፤ የሚጽፍ እጅ እስኪቆም ትጠብቃለች፤ ከዚያ ትቀጥላለች። 20ዎቹም ወረቀቶች ያለ አንዳች ስሕተት ተመለሱ። ከእኔም ባነሰ ጊዜ ጨረሰች። እርሷ ተመረጠች፤ እኔ ሁለተኛ ወጣሁ።

የችሎታዋ ዋጋ የታወቀው ግን በወላጆች ቀን ነው። በጨዋታው አጋማሽ አንድ አባት «ቢንጎ!» ብለው ብድግ አሉ። ካርቴላቸው ሲመረመር 36 ላይ ምልክት አድርገዋል፤ የተጠራው ግን 66 ነበር። ሙክቱን ለመውሰድ የተነሡ ሰው «ተቀመጡ» ሲባሉ ምን ሊከተል እንደሚችል አስቡ። ጠሪዋ በእርጋታ «ስድስትና ስድስት፣ ስድሳ ስድስት» ብላ ደገመችላቸው። ሰውየው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጎረቤቶቻቸው ካርቴላ ተመለከቱ፤ ሁሉም 66ን ምልክት አድርገዋል። «እንዲህስ ከሆነ ልክ ነው» ብለው ተቀመጡ፤ ጨዋታውም ቀጠለ።

ከዚህ የምንረዳው፣ የጠራ ንግግር ጥቅሙ ለአሸናፊው ብቻ አለመሆኑን ነው። ሁሉም እኩል ከሰሙ ተሸናፊውም ሽንፈቱን ያለ ቅሬታ ይቀበላል። አንዱ ሰምቶ ሌላው ካልሰማ ግን ትክክለኛው ውጤት እንኳ አድልዎ ይመስላል። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የባለጉዳይን ስም ሲጠራ፣ ነርስ የመድኀኒት መጠን ስትናገር፣ የአውቶቡስ ተራ አስከባሪ ቁጥር ሲያሰማ የሚጠበቅባቸው ይኸው ነው። ይህን ስል ግን ቁማርን ማመስገኔ አይደለም፤ በቁማር የፈረሰ ቤት ብዙ ነውና። ከጨዋታው ጠሪው የሚያሳየንን ጥንቃቄ ብቻ እንውሰድ።

እናንተም በክፍላችሁ ሞክሩት። አንዳችሁ ፊት ለፊት ቆማችሁ 20 ቁጥሮችን ጥሩ፤ ሌሎቹ ይጻፉ። ከቁጥሮቹ መካከል 7 እና 70፣ 9 እና 90፣ 30 እና 60 ሳይካተቱ እንዳይቀሩ። ወረቀቶቹ ከተሰበሰቡ በኋላም በቅድሚያ ከመጨረሻው ረድፍ የመጡትን እረሙ።