የጀበናው ዋጋና የሠሪዋ ስም

ሸክላ መሥራት የጀመርኩት ልሸጠው ብዬ አልነበረም። ደጋን ከተማ አስተማሪ ነኝ። ከሰፈራችን ወጣ ብሎ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች አሉ፤ ሰኞ ሰኞ ጀበናና ምጣዳቸውን ይዘው ባቲ ገበያ ይወርዳሉ። ትምህርት በሌለኝ ከሰዓት እየሄድኩ ከአንዷ አጠገብ መቀመጥ ለመድኩ። እትዬ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ አዩኝ፤ ቆይተው ጭቃ ሰጡኝ።

አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከተፈጨ ገል ጋር ይቦካል። ገሉ ለምን እንደሚገባ ስጠይቃቸው «ጭቃው ብቻውን እሳት አይችልም» አሉኝ። የሚሽከረከር ማሽን የለም፤ ከታች እስከ አንገቱ ሁሉም በእጅ ነው። ከዚያ በጥላ ይደርቃል፣ በድንጋይ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። ውስጡ ትንሽ እርጥበት የቀረበት ዕቃ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ለትዕግሥት እንዲህ ያለ አስተማሪ አላየሁም።

ከእጄ የወጣው የመጀመሪያ ደህና ዕቃ ትንሽ የዕጣን ማጨሻ ነበር። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለጓደኞቼ ላክሁት። አንዷ ከአዲስ አበባ «ስንት ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። ያቺ ጥያቄ ናት ነገሩን የለወጠችው። ቻናል ከፈትኩ፤ እሳቱንና ጭቃውን የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ጀመርኩ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ስለመጣ ክፍያ መቀበል አላስቸገረኝም። ያስቸገረው ዕቃውን ማድረስ ነው።

ሸክላ መንገድ አይወድም። ከደጋን ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለበት። ጀበና ቶሎ የሚሰበረው አንገቱና እጀታው ላይ ነው። ስለዚህ እጀታውን ለብቻው በጨርቅ እጠቀልላለሁ፣ ዙሪያውን በጋዜጣ (ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አንብቤ በጨረስኩት) እሸፍናለሁ፣ የካርቶኑን ክፍተት በጭድ እጠቀጥቃለሁ። ካርቶኑ ሲወዘወዝ ድምፅ ካሰማ ተፈትቶ እንደገና ይታሸጋል። ውስጡ አንዲት ወረቀት አኖራለሁ፤ አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና እንዳይፈላበት ታስታውሳለች። ለከተማ ልጅ ይህን የሚነግራት ሰው ላይኖር ይችላል።

ዋጋ ማውጣትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በትርፍ ጊዜ ሲሠራ ጉልበት አይቆጠርም፤ ሲሸጥ ግን መቆጠር አለበት። ከ10 ጀበና 2ቱ እሳት ላይ ከተሰነጠቁ፣ የተረፉት 8ቱ የ10ሩን አፈር፣ ኩበትና ድካም መክፈል አለባቸው። መንገድ ላይ የሚሰበረውም አለ። ገበያ ላይ ያሉ እናቶች ይህን ሒሳብ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ያልተሸጠውን ተሸክሞ መመለስ ስለሚከብድ ገዢው ያለውን ይቀበላሉ። የስልኩ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ፎቶ ሲመሽ ተሸክመው አይመለሱም።

ስልክ ብቻውን ግን አይታመንም። ሐምሌ 2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ቆየ። ያን ጊዜ ያተረፈኝ የደንበኞቼን ስልክ ቁጥር በደብተር መጻፌ ነው። «ያቺን ክብ ጀበና፣ እንደ በፊቱ» እያሉ ደውለው ያዘዙኝ ነበሩ። በመስመር ላይ ለመነገድ የምታስቡ እህቶች፣ ደብተር ይኑራችሁ።

ከባዱ ነገር የመጣው ትእዛዙ ከእጄ በላይ ሲሆን ነው። አንድ ቡና ቤት 40 ጀበና ፈለገ። እኔ በሳምንት 3 ብጨርስ ነው። እትዬንና ጎረቤቶቻቸውን ማሳተፍ ነበረብኝ። ገዢው ግን «የአንቺ ሥራ ነው ብለን እንለጥፈው፤ አስተማሪ ሆና ሸክላ የምትሠራ ማለት ደስ ይላል» አለኝ።

ለምን ደስ እንደሚል ይገባኛል። እኔ ስሠራው ጥበብ ይባላል፤ እነሱ ሲሠሩት ስድብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መሳደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ እኛ ግን ጀበናውን ቤታችን አስገብተን፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተንበት፣ ዱዓ አድርገንበት፣ የሠራችውን ሴት ዓይን እንፈራለን። ልጇን ለልጃችን አንጠይቅም። የራሴ እናት እንኳ እጄ ላይ ጭቃ ስታይ «ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው? ሰው ምን ይላል?» ብላኛለች።

ለገዢው እንደማይሆን ነገርኩት። የሠሪዎቹን ስም በካርድ ላይ ልጽፍ አስቤ ጠየቅኋቸው። ሁለቱ እሺ አሉ። እትዬ ግን «እጄን አሳዪ፤ ፊቴንና ስሜን ተዪው። ልጄ ገና አልተዳረችም» አሉኝ። ክፉኛ አዘንኩ፤ ግን መብታቸው ነው። የእኔ ቪዲዮ እንዲያምር ብዬ እሳቸውን ለሰው አፍ አሳልፌ መስጠት አልችልም። በራሳቸው ምርጫ ከጀበናው ሥር ሦስት ጭረት ያደርጋሉ፤ የእሳቸው ካርድ ላይ የሚሳለው ያ ምልክት ነው። አሁን ደንበኞች «ባለ ሦስት ጭረቱን» ብለው ያዝዛሉ።

ክፍያውንም ተስማምተናል። ዋጋዋን መጀመሪያ ሠሪዋ ትናገራለች። እኔ የማሸጊያውን፣ የመጓጓዣውንና የድካሜን እጨምርበታለሁ። ገዢ የከፈለው ሲገባ ስልኩን አሳያታለሁ። ማንበብ የማትችል ከሆነ ልጇ ታነብላታለች። ይህን ካላደረግኩ የእኔ ንግድ ከባቲ ገበያ የሚለየው በፎቶው ብቻ ይሆን ነበር።

ገቢው ከደሞዜ ጋር ተዳምሮ ቤቴን ይደግፋል እንጂ ሀብታም አላደረገኝም። እናቴም እንግዳ ሲመጣ አሁንም «ልጄ አስተማሪ ናት» ብላ ታቆማለች። ቡና የምታፈላው ግን በሠራሁላት ጀበና ነው፤ እኔም አልጨቀጭቃትም።

እናንተ ደግሞ ከገበያም ሆነ ከስልክ ጀበና ስትገዙ ከዋጋው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ማን ሠራችው?» ሻጩ ካወቀ ይነግራችኋል። ካላወቀም ሲደጋገም ሄዶ ይጠይቃል።