መንገዱስ?

አሳይታ ላይ ጎርፍ የሚመጣው በጠራ ሰማይ ነው። ይህን ለደጋ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። እኛ ደመና አይተን የተሰጣ እህል የምናስገባ፣ ነጎድጓድ ሰምተን ከብት የምንሰበስብ ሰዎች ነን፤ ውሃ ከላይ ካልወረደ ከወዴት ይመጣል? እዚያ ግን ሰማዩ እንደ ምጣድ ግሎ፣ አንዲት ጠብታ ሳይጥል፣ አዋሽ በሌሊት ይሞላል። ዝናቡ የዘነበው ከቀናት በፊት ሸዋና ወሎ ላይ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚቀረው ይህ ወንዝ የሌላ አገር ክረምት ተሸክሞ ይደርሳል።

በ1993 ዓ.ም. የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ስመደብ አሳይታ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ነበረች። አንባቢዬ «ርእሰ ከተማ» ሲባል ሰፊ አደባባይና ፎቅ እንዳይታየው። ከአዋሽ በላይ አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ቆርቆሮዋ ዓይን የሚወጋ፣ ነፋሷ አቧራ የምታጎርስ ትንሽ ከተማ ነበረች። ክብር ግን ነበራት፤ ክብሩም ከእኛ ቢሮዎች የቀደመ ነው። የአውሳ ሱልጣኖች መቀመጫ ናት። ሙንዚንገር የግብፅን ጦር እየመራ በ1868 ዓ.ም. አውሳ ገብቶ በዚያው ቀርቷል። እንግሊዛዊው ቴሲገር በ1926 ዓ.ም. የአዋሽን መጨረሻ ፍለጋ ሲወርድ ሱልጣን መሐመድ ያዮን ማስፈቀድ ነበረበት። አውሳ እንግዳ ዝም ብሎ የሚገባበት ሳይሆን ተፈቅዶለት የሚገባበት አገር ነበር። እኔ ግን የገባሁት በምደባ ደብዳቤ ነው፤ ያውም እያኮረፍኩ።

አከራዬ የወሎ ሰው ናቸው። ባቲ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከነጋዴ ባላቸው ጋር ቆላ ወርደው እዚያው ቀሩ። ከፊት ሻይ ቤት፣ ከኋላ አራት የሚከራዩ ክፍሎች ነበሯቸው። ክፍል ስል ዕቃ ማስቀመጫ ማለቴ ነው እንጂ የሚታደርበት አይደለም፤ ሌሊት ሁላችንም የጠፍር አልጋችንን ግቢ አውጥተን ኮከብ እያየን ነበር የምንተኛው። የበረሃ አበላችን በፉል፣ በሻይና በቀዝቃዛ ውሃ አድርጎ ወደ እሳቸው መሀረብ ይሄዳል። መንግሥት ለሙቀቱ የሚከፍለን እትዬ ዘንድ ገብቶ ይበርዳል እያልን እንቀልድ ነበር። ቀልዱ እውነት ነበረው። ያቺ ሻይ ቤት፣ ከጎኗ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ማዶ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ሁሉም የሚኖሩት ጉዳይ ሊያስፈጽም በሚመጣ ሰውና ጉዳይ በሚያጓትት ሠራተኛ ነበር።

ዳጉን ያወቅሁትም እዚያች ሻይ ቤት በር ላይ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደኛ «እንደምን ዋልክ» ተባብለው አይተላለፉም። ይቀመጣሉ። አንዱ ያየውንና የሰማውን በተራ ይናገራል፤ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ ውሃው የት እንደ ደረሰ። ሌላው ይሰማል፣ ይጠይቃል፤ ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። በዓይን የታየው በጆሮ ከተሰማው ይለያል። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ተዋረደ ማለት ነው። አከራዬ አርባ ዓመት እዚያ ኖረው ይህን ልማድ የራሳቸው አድርገውታል። ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ሻይ ከማቅረባቸው በፊት ከፊቴ ቁጭ ብለው፣ «ከየት ነው የምንጀምር?» ይሉኝ ነበር።

በደረስኩ በሁለተኛው ክረምት አዋሽ ሞላ። ሬዲዮ ከመናገሩ በፊት ግመል የሚነዱ ሽማግሌ መጥተው፣ በር ላይ ተቀምጠው፣ ውሃው የት እንደ ደረሰ ተናገሩ። በማግሥቱ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ እኛ የሚመጣው የጠጠር መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመቱ ሁለት ቦታ ተቆረጠ። ከተማዋ አፋፍ ላይ ስለሆነች እኛ አልረጠብንም፤ ተዘጋን እንጂ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይዘው ሲመለሱ ውሃው ማዶ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ግሬደር መጣ። አፈር ተደፋ፣ ድንጋይ ተከሰከሰ፣ ላንድ ክሩዘሮቹ እየተጎተቱ ተሻገሩ፤ ከኋላቸው ዱቄትና ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች ገቡ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም አጨበጨብኩ። ግሬደሩ ለማን እንደ መጣ የገባኝ ብዙ ዘግይቶ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ መቀመጫው ወደ ሰመራ ተዛወረ። ሰመራ ያኔ ከተማ ሳትሆን ፕላን ነበረች። ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ሜዳ ላይ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ትልቁ መንገድ ዳር የተቸከለች። ለምን ተዛወረ ለሚለው በየሻይ ቤቱ መልስ አይጠፋም ነበር። አንዱ የጎሣ ፖለቲካ ነው ይላል፤ ሌላው የአሮጌውን ሱልጣኔት ጥላ ለመሸሽ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ክልል የሚያህል ነገር ከጎን በተገነጠለ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በሚቆረጥ መንገድ መጨረሻ ላይ አይቀመጥም ይላል። እኔ የሦስተኛው ወገን ነበርኩ። ዛሬም እውነቱን ብጠየቅ ምክንያቱ ልክ ነበር እላለሁ። መብራት፣ ስልክ፣ የወደብ ጭነት፣ ሁሉም የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። ልክ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው።

መዝገቦቹን ያሸግኩት እኔ ነኝ። ገቢና ወጪ ደብዳቤ፣ የሠራተኛ ማኅደር፣ ምስጥ የበላቸው የሒሳብ ሰነዶች። አይሱዙው ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሲጫን አከራዬ በር ተደግፈው ያዩ ነበር። እንደ ሌሎቹ አላለቀሱም።

«ሰዎቹስ ይሂዱ» አሉኝ። «መንገዱስ?»

ሳቅሁ። «መንገድ ደግሞ የት ይሄዳል እትዬ? እዚሁ ነው ያለው።»

እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር፤ ብዙ አንባቢ በየአገሩ አይቶታልና። መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ማሽኑን ይዞ ተከተለን። ከዚያ ማመልከቻ ጸሐፊው። ልብስ ሰፊው ሎግያ ገባ። የአከራዬ አራት ክፍሎች ሁለቱ ፍየል ማደሪያ ሆኑ። አሳይታ አልሞተችም፤ ገበያዋ አለ፣ እርሻዋ አለ፣ የወረዳዋ ጽሕፈት ቤት አለ። ጠዋት በር ከፍቶ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ግን በየዓመቱ አነሰ። እኔ በየወሩ እመላለስ ነበር፤ ቆየት ብሎ በዒድ ብቻ ሆነ፤ ከዚያም ስልክ ብቻ። የእኔን ክፍል ግን አላከራዩም። የጠፍር አልጋህ እዚህ ነው ይሉኛል፤ እኔም እመጣለሁ እላለሁ።

የተንዳሆ ግድብ ሲሠራ ጎርፍ ከእንግዲህ የሽማግሌ ወሬ ሆነ ብለን ነበር። ወንዙ ግን ከደጋ የሚያመጣውን አፈር በየዓመቱ ሆዱ ውስጥ ሲያስቀምጥ፣ ወለሉ ከፍ ከፍ ይላል፤ ከጎኑ የተከመረው የአፈር መከላከያ ደግሞ ዝቅ ዝቅ ይላል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ፣ ዓለም ሁሉ በኮሮና አፉን ሸፍኖ በተቀመጠበት ዓመት፣ አዋሽ አፋር ላይ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው አፈናቀለ። ሜዳው ባሕር ሆነ።

አከራዬ ደወሉልኝ። መንገዱ እንደ ተቆረጠ፣ ዱቄት እንዳለቀ ነገሩኝ። በዚያው ሳምንት አንድ ደብዳቤ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጣ፤ መንገዱን የሚከፍት ማሽን እንዲላክ፣ ለወደፊቱም ውሃው የሚያልፍባቸው ሰፊ ቱቦዎች እንዲቀበሩ የሚጠይቅ። ገቢ ቁጥር ሰጠሁት፤ ቀኑን መታሁበት፤ ወደ ላይ መራሁት። በአራተኛው ቀን ከዳር በሰማያዊ እስክሪብቶ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ተብሎበት ወረደ። አያያዝኩት። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የተያያዘ ነገር አይጠፋም፤ አይነሣምም።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ልጨምር። በዚያ ክረምት የተቆረጠው የአሳይታ መንገድ ብቻ አልነበረም፤ ማሽን ጥቂት ነው፤ የሚጮኸው ብዙ ነው። ነገር ግን በዚያ ወር ከመሥሪያ ቤታችን ማንም ሰው አሳይታ ምሳ አልነበረውም። ማንም ውሃው ማዶ አልቀረም። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ብድግ ብዬ አንድ በር ማንኳኳት እችል ነበር፤ ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው ነኝ፤ አያባርሩኝም ነበር። ጡረታዬን አሰብኩ መሰለኝ። ወይም ምንም አላሰብኩም፤ እንደዚያም ይሆናል።

በጥቅምት 2013 ሄድኩ። ከግማሽ በላይ በመኪና፣ ጭቃውን በትራክተር ተጎታች ላይ ቆሜ። ሻይ ቤቷ ክፍት ነበረች። ሁለት አግዳሚ ወንበር ቀርቷል። አከራዬ ሸምግለዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊቴ ተቀመጡና፣ «ከእኔ እንጀምር» አሉ።

ጀመሩ። ውሃው በየትኛው ሌሊት እንደ መጣ። የማን በቆሎ እንደ ሄደ፣ የማን ግመል እንደ ዳነ። የዱቄት ዋጋ ስንት ደርሶ ስንት እንደ ወረደ። የልጃቸው ሚስት ምጥ እንደ ጠናባት፤ ወደ ዱብቲ ሆስፒታል በትራክተር እንደ ወሰዷት፤ በደህናው ጊዜ አንድ ሰዓት የማይሞላው መንገድ ከንጋት እስከ ምሽት እንደ ፈጀ፤ እሷ እንደ ተረፈች፣ ሕፃኑ እንዳልተረፈ። ወንድ ልጅ እንደ ነበር። ቀጥለውም የጎረቤታቸው ግድግዳ በስንተኛው ቀን እንደ ወደቀ ነገሩኝ። ድምፃቸው ለዱቄቱም፣ ለሕፃኑም፣ ለግድግዳውም አንድ ነበር። ዳጉ እንዲህ ነው፤ ወሬ ነጋሪ ለሰሚው አያለቅስለትም።

«አሁን ተራው ያንተ ነው» አሉኝ።

ስለ ሰመራ ነገርኳቸው። አዲስ ስለ ተሠራው ሕንፃ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ ስለ ልጄ ማትሪክ፣ ስለ ወገብ ሕመሜ። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ሳበቃ ሻይ ለመቅዳት አልተነሡም።

«የመንገዱ ደብዳቤስ? ልከናል አሉ እኮ ልጆቹ።»

«ደርሷል» አልኩ። «በሂደት ላይ ነው።»

ዓይኔን ሳይለቁ እንደ ደንቡ ጠየቁኝ፤

«ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?»

«የሰማሁት ነው» አልኳቸው።