ድግምቱ ለማን ይታይ?

የእኅቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ መጥቶ ሰንብቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ማታ ማታ ከአራት ባልንጀሮቹ ጋር ጠረጴዛ ከብቦ የሚጫወተው አንድ ጨዋታ አለ። አንደኛው ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ቦታ ይይዛሉ፤ ጦረኛ፣ ሌባ፣ አስማተኛ። የሚያደርጉትን በቃል ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጥላሉ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለው ጨዋታ ነው። መድረክ የሌለው ቴአትር ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

አንድ ምሽት ልጆቹ ተጣሉ። አስማተኛው ከንጉሥ ግብር ላይ ተቀምጦ የንጉሡን ልብ በአስማት ሊያዞር ፈለገ። ተራኪው «ሁሉም ሰምቶሃል፤ ዘበኞቹ ሰይፍ መዘዋል» አለው። ልጁ «በሹክሹክታ ነው ያደረግሁት!» ብሎ ጮኸ። የእኅቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የቴአትር ሰው ነዎት፤ ይፍረዱን። አስማት ሲደረግ አጠገቡ ያለ ሰው ማወቅ አለበት ወይስ የለበትም?» አለኝ።

በዚያ ምሽት አልፈረድሁም። የሕግ መጽሐፋቸውን ተውሼ አነበብሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም ለአስማት የሚያስፈልጉትን ሦስት ነገሮች ይቈጥራል፤ ድምፅ፣ የእጅ እንቅስቃሴና ቁስ። የድምፁም ኃይል ከቃሉ ሳይሆን ከቅላጼው ነው ይላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ተጨማሪ መጽሐፍ ደግሞ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካለ አድራጊው ሊታወቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሆኖም ድምፁንም እንቅስቃሴውንም አጥፍቶ አስማት ማድረግ የሚችል አንድ የአስማተኛ ዓይነት አለ። ጠቡ የተነሣው ሁሉም ያንን ሰው መሆን ስለሚሹ ነው።

እኔ የተወለድሁት መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ የደብተራው ሥራ ሦስቱንም አሟልቶ የያዘ ነው። ቁሱ ብራና ነው። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቈረጣል፤ በመቃ ብዕር፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ የባለቤቱ የክርስትና ስም በየጸሎቱ መካከል ይገባል፤ ዓይን የበዛበት ጠልሰም ይሣልበታል። ከዚያም ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ክታብ ያሰረ ሰው መንገድ ላይ ሲያልፍ ማሰሩን ሁሉ ያያል፤ ውስጡ የተጻፈውን ግን አያነብም።

ድምፁም እንዲሁ ነው። «አስማት» በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው። ዳዊት የሚደግሙት አባትና ድግምት የሚደግመው ሰውም በአንድ ግስ ይጠራሉ። አያቴ ጎሕ ሳይቀድ ባናቸውን ተከናንበው ሲደግሙ እሰማ ነበር፤ ቃሉን ለይቼ አላውቅም፣ መደገማቸው ግን ከቤቱ ሰው ከማንም አልተሰወረም። ዶናልድ ሌቪን መንዝን አጥንቶ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአማራውን አኗኗርና አነጋገር በሰምና ወርቅ መስሎ ተርጉሞታል። ደብተራውም የቅኔ ቤት ልጅ ነውና ሰሙ ለሁሉ ይሰማል፣ ወርቁ ለጥቂቱ።

ይህ ሁሉ የሚታየው ድግምት ነው። የማይታየውም አለ። ቡዳ ቃል አይናገርም፣ እጁን አያንቀሳቅስም፣ ቁስ አይዝም፤ ያያል ብቻ ይባላል። ማየት ደግሞ ሁላችንም የምናደርገው ነገር ነው።

በ1979 ዓ.ም የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በትኩሳት ተያዝሁ። ከቤታችን በታች ሸክላ የሚሠሩ ሴት ነበሩ። (ዛሬ «ነበሩ» እላለሁ፤ ያን ጊዜ በመንደሩ «ነበረች» እንጂ «ነበሩ» ያላቸው አልነበረም።) ከመታመሜ በፊት በነበረው ቀን በደጃፋቸው ሳልፍ ቀና ብለው አይተውኛል። ሌሊቱን ሙሉ ትልልቆቹ ሰዎች በአልጋዬ ግርጌ ሆነው ስማቸውን በሹክሹክታ ሲያነሡ አደሩ። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አሸተቱኝ፤ በጭስ አጠኑኝ፤ «ማነሽ? ከየት መጣሽ?» እያሉ በውስጤ ያለውን ጠየቁ። ከእኔ የሚፈልጉትን ስም አውቀው ነበር። ሌላ ስም ሌሊቱን ሙሉ አልሰማሁም። ለፈለፍሁ፤ ጠራኋቸው።

ትኩሳቱ በማግስቱ ለቀቀኝ፤ ይህም ማስረጃ ሆነ። ሴትዮዋ ምን ብለው ይከላከሉ? «አልደገምሁም» ቢሉ ደግመሻል ያላቸው የለም። «እጄ ላይ ምንም አልነበረም» ቢሉ ነበረ ያላቸው የለም። ሳምንት ሳይሞላ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ መርሐ ቤቴ ቈላ ወረዱ። የሠሩት ጀበና ግን ከቤታችን አልወጣም፤ ለዓመታት ቡና ጠጣንበት።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ሮናልድ ሬሚኒክም ያ ጨዋታ በታተመበት በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ አማራው የቡዳ እምነት ባሳተመው ጥናት፣ ነገሩን መሬት ካለው ጨዋና መሬት ከሌለው ባለ እጅ ግንኙነት ጋር አያይዞታል። እነዚህን ያነበብሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ማንበቤ ግን ከጥፋት አላዳነኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብተራ ያለበት ተውኔት ጽፌ ነበር። መጀመሪያ ድግምቱን በጢስ፣ በቀይ መብራትና በከበሮ አጀብሁት፤ ተመልካቹ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ የሚያውቀው ደብተራ ነጐድጓድ የለውም። ተናድጄ ሁሉንም አነሣሁ፤ ደብተራው ቆሞ ይመለከታል፣ ሙሽራዪቱ ትወድቃለች። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ከትዕይንቱ በኋላ በተደረገው ውይይት ግን አንድ መምህር ተነሥቶ ሙሽራዪቱን የጣለቻት ሸክላ ሠሪዋ መሆኗን አስረዳ፤ ብዙዎችም ተስማሙ። ሸክላ ሠሪዋ በተውኔቱ ውስጥ ማሰሮ አምጥታ የምትወጣ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያላት ሴት ነበረች። ባዶ ስፍራ ትቼ ነበር፤ ተመልካቹ ከቤቱ ባመጣው ሞላው። እኔም ያቺን ሴት ለሁለተኛ ጊዜ ስሟን እንደጠራሁ ቈጠርሁት።

ሼክስፒር ይህን ያወቀ ይመስለኛል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኦቴሎ» ውስጥ አባትየው ልጁን በድግምት አፍዝዞ ወሰደብኝ ብሎ ይከሳል። ማንም ያየ የለም። ኦቴሎ የሚድነው ያደረገውን ሁሉ፣ ለልጅቱ የነገራትን የሕይወቱን ታሪክ፣ በአደባባይ ዘርዝሮ ስለሚናገርና ልጅቱም መጥታ ስለምትመሰክር ነው። ሸክላ ሠሪዋን ግን ተናገሪ ያላቸው አልነበረም።

በሦስተኛው ዝግጅት ደብተራውን ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ አስቀመጥሁት። የመቃው ብዕር ሲሄድ ይታያል፤ ማጕረምረሙ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አዳራሹ ጸጥ አለ። ማን እያደረገ እንደሆነ ሁሉ አወቀ፤ ይፈውስ ወይስ ያጥፋ ማንም አላወቀም። ሸክላ ሠሪዋም ማሰሮዋን አስቀምጣ በሰላም ወጣች።

ለልጆቹ ይህን ነገርኋቸው። አስማተኛው ይታይ፣ ይሰማም፤ ምን እያለ እንደሆነ ግን ለማወቅ የሚሻው ዳይስ ይጣል አልኋቸው። የእኅቴ ልጅ «ድምፅም እንቅስቃሴም የሌለው ከሆነስ፣ ጋሼ?» አለ። «ያን ጊዜ» አልሁ፣ «ንጉሡ ሲለወጥ ዘበኞቹ ማንን እንደሚይዙ ተራኪው ይንገራችሁ። ከግብሩ ላይ ማሰሮ ተሸክማ የቆመች ሴት ትኖራለች።»

ዝም አሉ። ኋላ አስማተኛውን የሚጫወተው ልጅ ወንበሩን ሳብ አድርጎ፣ «እሺ፤ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል» አለ። ተራኪውም ከዘበኞቹ አንዱ ቀና ብሎ እንዳየው ተናገረና ዳይሱን አቀበለው።