ምጣድ የሚያሟሽ እጅ

የዛሬ ዓመት ጥምቀት ሊደርስ ሲል ጥፍሬን ልሠራ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ ሳሎን ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ልጅቷ እጇ ፈጣን ነው። ጣቶቼን ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፈች፣ ጥፍሬን ከሥሩ ያቀፈውን ስስ ቆዳ በብረት ገፋ ገፋ አደረገችና ዙሪያውን በመቀስ ከረከመችው። “እንዲህ ሲሆን ነው የሚያምረው” አለችኝ፤ እውነትም አምሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን የመሐል ጣቴ በጥፍሩ ጥግ በኩል ቀልቶ አበጠ፣ መግል ቋጠረ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ አደረ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ዳንኩ። ከወር በኋላ ግን ከጥፍሩ ሥር አንድ የጎደጎደ መስመር ብቅ አለ። ያ መስመር ቀስ እያለ ተጉዞ ጫፍ ደርሶ የቆረጥኩት በሐምሌ ነው።

የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። በመስቀል ሰሞን ከሥር የወጣው ጫፍ የሚደርሰው መጋቢት ገደማ ነው ማለት ነው። ኩቴክስ የምንቀባው፣ የምንሞርደው፣ የምንኩራራበት ክፍል የሞተ ነው። ሕይወት ያለው ከሥር፣ ቆዳው ውስጥ የተደበቀው ነው። ያቺ ልጅ ከርክማ የጣለችው ቆዳ ለዚያ ቤት መዝጊያው ነበር። መዝጊያ ሲነሳ ምን እንደሚገባ በጣቴ አየሁት።

ያኔ ትዝ ያለችኝ አያቴ ናት። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነበር የምትኖረው። አዲስ ምጣድ ከገበያ ሲመጣ እሳት ላይ ትጥደውና የተወቀጠ ጎመን ዘር በጨርቅ እያሸች እስኪጠቁር ታሟሸዋለች። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራ ይይዛል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ጨርቁ በረድ ሲል ደግሞ በየጣቷ ጥፍር ሥር እያዞረች ታሸዋለች። “ይሄም ምጣድ ነው” ትላለች፣ እጇን ገልብጣ እያየች። በፍስክ ቅቤ ስትንጥ ደግሞ ጣቷ ላይ የቀረውን አታጥበውም፤ ጥፍሯ ሥር አሽታ የተረፈውን ተረከዟ ላይ ትጨርሰዋለች።

ማኒኪር የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ሥራው ግን ይኸው ነው።

መዳፋችን ወዝ የሚያመነጭ እጢ የለውም፤ ጥፍርም የለውም። ስለዚህ የሚደርቀውን የሚመልስለት እኛው ካልሆንን ማንም አይደለም። የጎጃም ሴት እጅ ደግሞ በቀን ስንቴ ውኃ እንደሚነካ ቁጠሩ። ሊጥ ይቦካል፣ ቡሃቃ ይታጠባል፣ የጠላው ጋን ታጥቦ ይታጠናል፣ ልብስ በቀዝቃዛ ውኃ ይታሻል። ድሮ አመድ ነበር፣ ዛሬ ኦሞና በረኪና ነው። ጥፍር ውኃ ሲያገኝ ይጠጣና ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ ሲደጋገም ጫፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንብርብር ይላጣል። ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ደረቅ ንፋስ ከንፈራችን ያውቀዋል።

ዘይት ውኃ አይጨምርም። ያለው እንዳይወጣ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ደርቆ የተሰነጠቀ ጥፍር ላይ ማፍሰስ ትርፉ ትንሽ ነው፤ እጅ ታጥቦ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው መቀባት ነው ቁም ነገሩ። ለአንድ እጅ አንድ ጠብታ ይበቃል። ጥፍሩ አናት ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ፣ ቆዳውና ጥፍሩ በሚገናኙበት፣ በአውራ ጣት ማሸት። የጆጆባ ዘይት የግድ ነው የሚሉ አሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ እኛ ግን ጥቅምት ላይ ማሳው ሁሉ በኑግ አበባ ቢጫ በሚሆንበት አገር ተቀምጠን ዘይት ቸገረን ብንል ያሳፍራል። ኑግ ከጠፋም ቫዝሊን አለ። (ቅቤን ግን ለሌሊት አልመክርም፤ አንሶላውም ድመቷም አይምሩም።) ኩቴክስ ከመቀባት በፊት ብቻ ዘይቱን በሳሙና ማስለቀቅ ነው፣ አለበለዚያ ቀለሙ አይዝም። ወፍሮ የቢጫ ቀለም የያዘ ጥፍር ደግሞ የሐኪም እንጂ የዘይት ጉዳይ አይደለም።

ስለ ቀለም ካነሳን እናቶቻችንም ጥፍራቸውን ያቀሉ ነበር። የእንሶስላ ሥር ተቆፍሮ፣ ተወቅጦ፣ እጅና እግር ላይ ተደርጎ ይታሰራል፤ ጠዋት ሲፈታ መዳፉም ጥፍሩም ቀልቷል። ለዚያ ውበት የማንም ቆዳ አልተከረከመም። ማስለቀቂያም አልነበረውም፤ ጥፍሩ አድጎ ይዞት ይሄዳል። የእኛን ለማስለቀቅ አሴቶን ያስፈልገናል፣ አሴቶን ደግሞ የቀረችዋን ወዝ ጠርጎ ነው የሚሄደው።

እኔ አሁን ማኒኪር አልተውኩም። ስገባ ግን “ቆዳውን እንዳትነኪው” እላለሁ፤ ልጆቹ ቅር ይላቸዋል።

እናቴ ሰሞኑን ከገጠር መጥታ ራስጌዬ ያስቀመጥኳትን ትንሽ የኑግ ዘይት ጠርሙስ አየችና “ምጣድ ገዛሽ እንዴ?” አለችኝ።