ከአፍንጮ በር እስከ ጣርማ በር

በአራዳና በአፍንጮ በር ከሚኖሩ ቤተሰቦች መካከል አያት፣ አጎት ወይም አክስት ወሎ ውስጥ ያላቸው ጥቂት አይደሉም። ልጆቻቸው ግን ብዙውን ጊዜ ዘመዶቻቸውን የሚያውቁት በስልክ ድምፅ ብቻ ነው። ዝምድናን መቀጠል በዲናችን የታዘዘ እንደመሆኑ፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን ታሪካዊ የተራራ መንገድ ከቤተሰብ ጋር ለመጓዝ ምን ማሰብ ያስፈልጋል?

ጉዞው መኪናው ከመነሳቱ በፊት በጥያቄ ይጀምራል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በግጭት ተቃጥላለች። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱ የተዘጋባቸው ጊዜያት አሉ። ስለዚህ በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሹፌርና እዚያው የሚኖር ዘመድ ይጠየቅ። ጥርጣሬ ካለ ጉዞውን ማዘግየት ፍርሃት አይደለም፤ ልጆች አማና ናቸውና።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ከሱብሒ ሰላት በኋላ መነሳት ይሻላል። ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ቁልቁለቱም በቀን ብርሃን መታለፍ አለበት። ከአፍንጮ በር ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይገኛል። ልጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ! በ1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሕዝብ የጨፈጨፈው የፋሺስት ኢጣሊያ አገዛዝ፣ ከፊታችን ያለውን የጣርማ በር ዋሻ ያስቆፈረውም እርሱ ነው። ዋሻው የተቆፈረው ለወራሪው ሠራዊትና ጭነት መተላለፊያ እንጂ ለእኛ ስጦታ ተብሎ አልነበረም።

ኮተቤን፣ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋንና ሸኖን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ይደረሳል። ብርዷ ብርቱ ስለሆነ ጋቢ አይረሳ። ቁርስ ተበልቶ ፍሬን፣ ጎማና የሞተር ውኃ ይታይ፤ ከባዱ ክፍል ገና ነው።

ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ጨለማ ነው፤ አፉን ጉም የሚሸፍነው ጊዜም አለ። መብራት ማብራት፣ ፍጥነት መቀነስ፣ አለመቅደም ግድ ነው። በገደሉ አካባቢ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ ይታያሉ፤ ልጆች ምግብ አይወርውሩላቸው።

ከዋሻው ማዶ አገሩ ወደ ታች ይዘረጋል። ያ ቆላ ይፋት ነው፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኖች የገዙት ምድር። ከዚህ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ እንጂ ፍሬን እየረገጡ መቆየት አይገባም፤ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሊል ይችላል። ጋቢው የሚወልቀውም እዚህ ነው።

ሸዋ ሮቢት ላይ ዙህርን ሰግዶ ማረፍ ይቻላል፤ መንገደኛ አራቱን ረከዓ ወደ ሁለት ማሳጠር ተፈቅዶለታል። ቀኑ እሑድ ከሆነ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት የሰንበቴ ገበያ አለ። ከዚያ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ።

በር የሚባለው የሚያገናኝ ሲሆን ነው። ወራሪ ለጦር የከፈተውን በር እኛ ለዘመድ ጥየቃ እናድርገው። አላህ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሳችሁ!